ሦስቴ ድኛለሁ ያልኩት

ቴፒ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምሳሳልህ የእህቴ ልጅ ለፈሀድ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ከዚያ ሥጋ ከሚያከማቹበት በረዶ ቤት ስትገባ ስትወጣ ጀሊሉ ከፊትም ከኋላም ይጠብቅህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ክረምቱ ግን ዘንድሮ ጨክኗል፤ ሱቁ በር ላይ ያለው ጭቃ ደንበኛ አያሳልፍም፣ ዝንጅብሉም ሳይሸጥ ማቆጥቆጥ ጀምሯል።

ይኼን በስልክ ብነግርህ ይቀለኝ ነበር። ግን ስልኩ ያለው አጎትህ አባፎጊ ኪስ ውስጥ ነው። አንተን ሲያገኝ ደግሞ ስፒከር ላይ አድርጎ ነው የሚያናግርህ፤ ቡና ሊያስረክብ የመጣው ገበሬ ሳይቀር "ፈሀድ እንዴት ነህ?" ይልሃል። ከባሌ ጋር ሠላሳ ዘመን ልኑር እንጂ የሆዴን ለገበያ ማውጣት አልለመድኩም። ስለዚህ ልብስ ልታመጣ ሻርጃ በምትመላለሰው በሚዛን ከተማዋ ነጋዴ በማርዋ እጅ እየጻፍኩልህ ነው። እሷ እስክትሄድ እስክትመጣ ደብዳቤው ይዘገያል፣ አፏ ግን ጥብቅ ነው።

አዲስ አበባ ደርሰን ተመለስን። ከአምና ጀምሮ "ደረትሽን ታዪ፣ ደረትሽን ታዪ" እያልክ ስትነዘንዘኝ ነበርና ደስ ይበልህ፣ ታየሁ። ሕመሙን ታውቀዋለህ። ንጋት ላይ ለሱብሒ ሶላት ስነሳ፣ ገና ቀዝቃዛውን ውኃ ለውዱእ እጄ ላይ ሳፈስ ይመጣል። ደረቴ ላይ ጆንያ ሙሉ ጀንፈል ቡና ተጭኖ፣ በላዩ ደግሞ አባፎጊ የተቀመጠበት ይመስለኛል፤ የአጎትህን ክብደት ታውቃለህ። እዚህ የሄድኩበት ክሊኒክ ሁሉ "ጨጓራ ነው" እያለ ሽሮፕ ሲያስጠጣኝ ከረመ። አዲስ አበባ ላይ ነው ዶክተር ትሕትና የምትባል ለጋ ሐኪም ነገሬን ከልቧ የያዘችው። በእጄ አንጓ ቀጭን ሽቦ አስገብታ እስከ ልቤ ላከችው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የማውቀውን ሱራ ሁሉ እቀራለሁ።

ሲያልቅ "የልብሽ ደም ሥሮች ንጹህ ናቸው፣ የተዘጋ የለም" አለች። አባፎጊ ይኼን ሲሰማ እዚያው ወለሉ ላይ ሱጁድ ወረደ። ከዚያ ብድግ ብሎ ላንተ ሊደውል ወደ ኮሪደሩ ሮጠ። ዶክተሯ እሱ ከወጣ በኋላም ብዙ ነገረችኝ፣ ክኒንም ሰጠችኝ። እሱን ሌላ ጊዜ አጫውትሃለሁ። ለዛሬው የደስታውን ቃል ያዝ።

እናትህ ዙሌይካ፣ አላህ ይዘንላት፣ አንተን እጄ ላይ ጥላ ከሄደች ጀምሮ ዱዓዬ ካንተ ተለይቶ አያውቅም።

አክስትህም እናትህም የሆንኩ ዘይቱ


ሻርጃ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርሽ አክስቴ፣ ላሳደግሽኝ ለዘይቱ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ ከዚህ ሙቀት የበለጠ ይሙቅሽ። አጎቴ አባፎጊን፣ ልጅሽን ከውሰርን፣ ጎረቤቱን ሁሉ በስም በስማቸው ሰላም በይልኝ።

አጎቴ ከዚያ ኮሪደር ሲደውል ምሳ ላይ ነበርኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጉርሻው አፌ ውስጥ እያለ ነው ያለቀስኩት። አብሮኝ የሚኖረው የወልቂጤው ልጅ ዓባይነህ "ማን ሞተ?" ብሎ ከተኛበት ተነሳ። "ማንም አልሞተም፣ የአክስቴ ልብ ንጹህ ሆነ" ስለው ገብርኤሉን አመስግኖ ተመልሶ ተኛ። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ልብሽ ንጹህ ከሆነ በሬ አርጄ ሰፈሩን ላበላ ስለት ተስዬ ነበር። አሁን ስለቱ ደረሰ፤ መክፈል የኔ ፋንታ ነው። ለበሬው የሚሆነው በማርዋ እጅ መጥቷል። ሰደቃው በአጎቴ ወገኖች ወግ ይደረግ፣ እነሱ አሳምረው ያውቁበታል። አንቺ ደግሞ "ምን አስፈለገ፣ ምን አደከመህ" እንዳትዪኝ፤ አመልሽን አውቀዋለሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የምርመራውን ወረቀት ከውሰር ፎቶ አንስታ ትላክልኝ። ሁሉንም ገጽ። ማህተሙ፣ ቀኑ፣ ሁሉ ነገሩ ይታይ። በዓይኔ ካላየሁት አላምንም፤ ደግሞ አትሳቂብኝ።

ሌላው፣ የሚዛኑ ነጋዴ የሐጂ ሰይፈዲን ልጅ ላምያ አለች። በስልክ ተነጋግረናል። ስለ እሷ ከዚህ በላይ ለመጻፍ አፍራለሁ። ቡናው ተለቅሞ እጃችሁ ነጻ ሲሆን አጎቴ ሽማግሌ ይላክልኝ፤ ኒካሑ ከረመዳን በፊት ቢሆን ደስ ይለኛል።

በእግርሽ ሥር ያደገው ፈሀድ


ቴፒ፣ መስከረም 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓይኔ ማረፊያ ለፈሀድ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። የላክኸው ቃል ደርሶኝ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ላምያን አውቃታለሁ፤ እናቷ ከኔ ኮረሪማ ስትገዛ ትከራከራለች፣ ልጅቷ ግን ከጎን ሆና ታፍራለች። ያፈረችዋን መረጥክ፣ ጎበዝ።

በሬህ ታረደ። ከሸኮ፣ ከማሻ ሳይቀር ሰው መጣ። በአባፎጊ ወገኖች ዘንድ አንተ ልጅ ሆነህ ያላየኸው ወግ አለ። ስለት የተገባለት ሰው በሕዝቡ መሐል ቆሞ ሦስት ጊዜ "ድኛለሁ" ሳይል ሥጋው ድስት አይገባም። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ቆሜ የማውራት ሱስ የለብኝም፤ ደንበኛ ጋር መከራከር ሌላ ነው። ነጭ ሻሽ አስረው አቆሙኝ።

"ድኛለሁ" አልኩ። ሰዉ "አልሐምዱሊላህ!" አለ። "ድኛለሁ" አልኩ። "አልሐምዱሊላህ!" ሦስተኛውን ልል አፌን ስከፍት፣ ፈሀዴ፣ ያ ጆንያ መጥቶ ተጫነኝ። ዝናቡ ካባራ ወዲህ ነፋሱ ብርዳም ነበር። አንገቴን፣ መንጋጋዬን፣ ግራ እጄን ያዘኝ። ሕዝቡ ይጠብቃል፣ አባፎጊ በዓይኑ ይለምነኛል። ምን ልበል? "ድኛለሁ" ብዬ ጨረስኩት። ድምፄ ሲንቀጠቀጥ በደስታ ነው ብለው ሴቶቹ አብረውኝ አለቀሱ።

ማታ የአባፎጊ ታላቅ ወንድም፣ ያ ሽማግሌው፣ ጠራኝና "ሦስቴ ብለሻል። ከእንግዲህ አመመኝ ብትዪ ስለቱ ዞሮ አንቺን አይነካም፤ የተሳለውን ነው የሚይዘው" አለኝ። የተሳልከው አንተ ነህ። እኔ እንዲህ ያለውን ወሬ እሰማለሁ እንጂ አልቀበልም። ግን በልጅ ማን ቁማር ይጫወታል?

አባፎጊም ክኒኔን አይቶ "ድኛለሁ ያለ ሰው ምን ክኒን ይውጣል? ንጹህ ልብ በመድኃኒት ይበላሽ?" ብሎ ሊጥልብኝ ነበር። ኮረሪማው ጆንያ ውስጥ ደብቄዋለሁ። እሱ ደግ ሰው ነው፣ ስለፈራ ነው። ታዲያ ለአንተ ብቻ ልንገርህ፣ አልፎ አልፎ ይጎበኘኛል። ሌላ ሰው አይስማ።

አክስትህ ዘይቱ


ሻርጃ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለዘይቱ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ከረማችሁ? የለቀማ ጊዜ ስለሆነ ዓይናችሁን ማየት እንደማይቻል አውቃለሁ።

ደብዳቤሽን ሳነብ ተናደድኩ፤ ይቅር በይኝ፣ ግን ተናደድኩ። "አልፎ አልፎ ይጎበኘኛል" ማለት ምን ማለት ነው? ሽቦ እስከ ልብሽ ገብቶ የለም? ወረቀቱ ስልኬ ላይ አለኝ፤ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ አወጣና አነበዋለሁ። ንጹህ ይላል። ንጹህ ማለት ንጹህ ነው። ያ የሚሰማሽ ድካም ነው፣ ዕድሜ ነው፣ ነፋስ ነው። እባክሽ አክስቴ፣ "ያመኛል" የሚለውን ቃል ከአፍሽ አጥፊው። እኔ ልሸከመው አልችልም።

ደግሞ ሌላም ምክንያት አለኝ። ሐጂ ሰይፈዲን ዘራችንን እያስጠየቀ ነው አሉ። "የልጁ እናት በልጅነቷ በድንገት ነው የሞተችው፣ አክስቱም ልቧን ታማ አዲስ አበባ ተወስዳለች፣ በዘር የሚወርድ ነገር እንዳይሆን" ብሏል። ልጁን የሚድር አባት ነውና አልፈርድበትም። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ወረቀቱን አሳዩልኝ። አንቺም እንደ በፊቱ ሳቂ፣ ተጫወቺ፣ አሳልፊ። እስከ ኒካሑ ብቻ።

ደግሞ እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ እናቴ እንዴት ነበር የሞተችው? እስከ ዛሬ ነግራችሁኝ አታውቁም። ግራ እጇን ይዛ ነበር? ብርድ ነበር? ዕድሜዋስ ስንት ነበር? በዚህኛው ደብዳቤ መልሽልኝ፣ ለሚቀጥለው አታስተላልፊው። እንዲያው ለማወቅ ነው።

አላህ ያቆይሽልኝ።

ልጅሽ ፈሀድ


ቴፒ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈሀድ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላምታዬ ከዚህ እስከዚያ ድረስ ይዘርጋ። ተቆጥተህ ብትጽፍም አልተቀየምኩም፤ ቁጣህ ከእናትህ የወረስከው ነው፣ እሷም ስትወድ ትጮህ ነበር።

ነገሩ እንዳልከው ሆነ። የሐጂ ሰይፈዲን ወንድሞች ከሚዛን መጡ። አባፎጊ ወረቀቴን ላሚኔት አስደርጎታል፤ እንደ መንጃ ፈቃድ ያብረቀርቃል። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እንግሊዝኛውን የሚያነብ ጠፍቶ የከውሰር አስተማሪ ተጠርቶ መጣ። እሱም "ኖርማል" የሚለውን ቃል በጣቱ አሳያቸው። ከዚያ ወዲያ ማንም ሌላውን መስመር የጠየቀ የለም። ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን ትተው እኔን ማየት ጀመሩ።

ጠዋት ነበር፣ ጉሙ ገና ከዛፉ አልወረደም። ብርዝ በትሪ ይዤ ስገባ የበሩ ደፍ ላይ ያዘኝ። ትሪውን ብጥለው ያንተ ነገር አብሮ ተሰበረ ማለት ነው። አልጣልኩትም። ለእያንዳንዳቸው አደልኩ፣ "ከማር የጣፈጠ አማች ያድርጋችሁ" ብዬም አሳቅኳቸው። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብቼ ኮረሪማው ጆንያ ላይ ተደፋሁ። ከምላሴ ሥር የሚደረገውን ክኒን እስካገኝ ጣቴ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር።

እሱ ግን አለፈ። አሁን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ አልኩህ፣ አታንብበው ደጋግመህ።

ስለ እናትህ ጠየቅኸኝ። እሷንም ጨጓራ ነው ሲሏት ከረሙ። ማሻ ነበር የምትኖረው፣ ብርዱን ታውቀዋለህ። ለሱብሒ ተነስታ ውዱእ ስታደርግ ጆጉ ከእጇ ወደቀ። አባትህ ድምፁን ሰምቶ ሲወጣ ግራ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ግድግዳው ሥር ተቀምጣለች። ሳትናገር ነው የሄደችው። ዕድሜዋ አሁን አንተ ያለህበት ዕድሜ ነበር። አንተ ቤት ውስጥ ተኝተሃል፤ ጎረቤት ነው አቅፎ ያወጣህ። ይኼን የደበቅንህ ልጅ ስለሆንክ ነው እንጂ ሌላ ተንኮል አልነበረውም።

አሁን ተራው የኔ ነው፣ ልጠይቅህ። የግራ እጇን ነገር ከየት አመጣኸው? የኔን ጽፌልሃለሁ፣ የእሷን ግን ማንም አልነገረህም። ብርድ ነበር ወይ የሚል ጥያቄስ ሰው ከመሬት ተነስቶ ይጠይቃል? ለምንድን ነው የጠየቅኸኝ ፈሀዴ? በማርዋ እጅ ቶሎ መልስልኝ።

አክስትህ ዘይቱ


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ ምትክ ለዘይቱ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ዛሬ የምጽፍልሽ ደስታ ነው፤ ስለዚህ ጨርሰሽ ሳታነቢ አትደንግጪ።

እኔም ያመኝ ነበር አክስቴ። ይኸው አወጣሁት። የጀመረኝ ካቻምና ነው፣ በረዶ ቤቱ ውስጥ ሥጋ ስደረድር። ደረቴን ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ፣ መንጋጋዬ ደነዘዘ፣ ግራ እጄ የኔ አልሆን አለ። ስወጣ፣ ፀሐይ ሲመታኝ ለቀቀኝ። ከዚያ እየተመላለሰ ያዘኝ። ለማን እነግራለሁ? የታመመ ሠራተኛ እዚህ የሚጠብቀው የመመለሻ ቲኬት ነው። ላንቺ እንዳልነግርሽ አንቺም ትታመሚያለሽ። "ደረትሽን ታዪ" እያልኩ የነዘነዝኩሽ ለዚህ ነበር። አንድ ደም ነን። ያንቺ ከተበላሸ የኔም ተበላሽቷል፣ ያንቺ ንጹህ ከሆነ የኔም ንጹህ ነው ብዬ አሰብኩ። ስለቱን ስሳል ላንቺ ብቻ አልነበረም፤ አላህ ያውቀዋል።

እዚህ አንድ ሐኪም ዘንድ ሄጄም ነበር። "እንዲህ የሚያመው፣ በድንገት የሞተ ከቤተሰብህ አለ?" አለኝ። ያንቺን ወረቀት ከስልኬ አውጥቼ አሳየሁት። አክስቴም እንዲሁ ያማት ነበር፣ ይኸው ንጹህ ሆና ድናለች አልኩት። ለተጨማሪ ምርመራ ቀጠሮ ሰጠኝ። አልሄድኩም። አንቺ በሕዝብ ፊት ሦስቴ ድኛለሁ ብለሽ የለም? ለኔም ነው ያልሽልኝ።

የእናቴን ነገር የጻፍሽልኝን መጀመሪያ ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ ራሴን ተቆጣሁ። እሷን ማንም አላያትም፣ ሽቦ አልገባላትም፤ አንቺ ግን ታይተሽ ነጻ ወጥተሻል። አሁን ጠዋት ጠዋት የበረዶ ቤቱን ከባድ በር ከመክፈቴ በፊት እጄን እጀታው ላይ አድርጌ እንዳንቺው ሦስቴ "ድኛለሁ" እላለሁ። ዓባይነህ ይስቅብኛል። አልፎ አልፎ ሲመጣብኝ እስኪለቀኝ ሥጋው ላይ ደገፍ እላለሁ፤ ከድሮው ረዘም ይላል፣ ግን ይለቀኛል። ድካም ነው።

እንዲያውም ከንጋት የሚጀምረውን ፈረቃ ሙሉ በሙሉ ወስጃለሁ። ብርዱን ፈርቶ ማንም አይፈልገውም፣ ለኔ ግን ተጨማሪ ክፍያው ለሠርጉ ደህና መደገፊያ ነው። ከጥር አጋማሽ በኋላ እመጣለሁ ኢንሻአላህ። ላምያን አደራ፤ ወረቀቱንም አደራ።

ድኛለሁ አክስቴ። አንቺ ነሽ ያዳንሽኝ።

ልጅሽ ፈሀድ


ቴፒ፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈሀድ፤ እሱ ከሌለም ይኼን ለሚከፍት ለማንኛውም ሰው፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላምታው አጭር ቢሆን እንዳትቀየመኝ፣ ማርዋ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

ማርዋ ዕቃዋ አዲስ አበባ ተይዞባት ዘገየች። ደብዳቤህ እጄ የገባው ዛሬ ጠዋት ነው። የሐጂ ሰይፈዲን ሽማግሌዎች የኒካሑን ቀን ሊቆርጡ ሱቁ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ አባፎጊ ይስቃል፣ ላሚኔቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። እኔ ከዕቃው ጀርባ ቆሜ አነበብኩ። "እኔም ያመኝ ነበር" የሚለው ላይ ስደርስ ጆንያው ላይ ቁጭ አልኩ። አፈር በበላሁ! እኔ አንተን እጠብቃለሁ ብዬ አፌን ስሰፋ፣ አንተ በኔ አፍ ተማምነህ በረዶ ውስጥ ትገባለህ?

ዶክተር ትሕትና አባፎጊ ኮሪደር ላይ ሳለ የነገረችኝን አሁን ስማ። ለሐኪምህ ቃል በቃል ንገረው። "እኔ ያየሁት ትልልቆቹን ሥሮች ነው" አለችኝ። "ይኼ ምርመራ የማያሳያቸው ቀጫጭን ሥሮች አሉ። ደህና የሚመስል ሥርም በብርድ፣ በንጋት፣ በድንገት የሚኮማተር አለ። ንጹህ ነው ማለት ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። ሕመምሽ የእውነት ነው። ክኒኑን እንዳታቋርጪ፣ ከብርድ ሽሺ። ከቤተሰብሽ እንዲህ የሚያመው ካለ ቶሎ ይታይ" አለችኝ። እኔም "የለም" አልኳት። ዙሌይካን ጨጓራ ገደላት ብዬ ነበር የማምነው፤ አንተን ደግሞ አላወቅኩም።

የጆንያን ነገር አንተም ከአጎትህ ጋር ስትሠራ ታውቀዋለህ። ከአፉ ያለው ቡና ደረቅ ነው፤ ሻግቶ የሚገኘው ከመሐል ሲወጋ ነው። የኔን ጆንያ ከአፉ አይተው ነው ያጨበጨቡት።

ሽማግሌዎቹ ፊት ወጣሁ። አባፎጊን "ስልኩን አምጣ" አልኩት። "ምነው፣ ኋላ አይደርስም?" አለኝ። ከኪሱ ራሴ አወጣሁት። እንደሱ ስፒከር ላይ አድርጌ ደወልኩ፤ ይስሙ። ጠራ፣ አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ፣ አታነሳም። ከውሰር የዓባይነህን ቁጥር ከድሮው መልእክትህ ፈልጋ አገኘችልኝ። እሱ ከእንቅልፉ ነቅቶ "እማማ፣ ፈሀድ ፈረቃ ገብቷል። በረዶ ቤት ስልክ ይዞ አይገባም። ረፍት ሲወጣ ይደውልልዎታል" አለኝ። "ሂድና አውጣው! ልጄ ታሟል፣ ሂድና አውጣው!" ብዬ ጮህኩ። "ጠዋት እያሳቀኝ ነው የወጣው እኮ" አለ። ከዚያ "እሺ፣ ጫማዬን ላድርግ" ሲል ሰማሁት፣ ተቋረጠ።

የሐጂ ሰይፈዲን ታላቅ ወንድም ኮፍያውን አነሳና "እንዲህ ከሆነ ነገሩ ይታሰብበት" አለ። "ይታሰብበት" አልኩት። "ላምያ ልጄ ብትሆን እኔም አስብበት ነበር። ግን ስትነግሯት እንዲህ በሏት፣ ልጁ አልዋሸም፣ አክስቱ ናት የዋሸችው።" የአባፎጊ ወንድም ደግሞ "ስለቱን! ስለቱን ልታዞሪበት ነው!" ብሎ ተነሳብኝ። አባፎጊ ነው ያስቀመጠው። ላሚኔቱን አንስቶ አየው፣ አየው፣ ከዚያ ወደ ጓዳ ገብቶ ጆንያውን እየዳበሰ ክኒኔን ይዞልኝ መጣ። የት እንዳለ ለካ ያውቅ ነበር። በእጁ አጎረሰኝ።

የክኒኑን ካርቶን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌዋለሁ፣ ለሐኪምህ አሳየው። ቀጠሮህን አስመልስ። ሥራው ቢቀር ይቅር፣ ሠርጉም ቢቀር ይቅር፤ በባዶ እጅህ ና፣ ዝንጅብል እየመዘንን እንኖራለን። ይኼን የምትከፍተው ዓባይነህ ከሆንክ ደግሞ፣ ልጄ፣ የወላጅ እናትህ አምላክ ውለታህን ይክፈልህ፣ ሐኪም ዘንድ ወስደህ "በዘሩ አለ፣ እናቱም በዚህ ሞታለች" ብለህ ንገርልኝ።

ዓባይነህ ጫማዬን ላድርግ ካለ ቆየ። ረፍት የምትወጣበት ሰዓትም አለፈ። የሱቁ ሰው ሁሉ ስልኩን ያያል፤ ገበሬዎቹ እንኳ ጆንያቸውን ሳያወርዱ በር ላይ ቆመዋል። ማርዋ መኪናው ሊያመልጣት ነው።

ስለቱ መዞር ካለበት የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ወደኔ ይዙር። በሱቁ መሐል፣ ሰው ሁሉ እየሰማኝ፣ በሬውን የበሉት ሳይቀሩ እየሰሙኝ ብዬዋለሁ፣ ላንተም እጽፈዋለሁ። አልዳንኩም። አልዳንኩም። አልዳንኩም።

አንተም አልዳንክም ልጄ። ከዚያ ቤት ውጣ። ስልኩን አንሳ።

አክስትህ ዘይቱ